ኤሊዋን ዳቦ አታብሏት፤ ሣሩ ደጃችሁ አለ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ፎቶ ደረሰን። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም ከማይርቅ ግቢ የተነሳ ነው። አንዲት ኤሊ ግንብ ሥር ቆማለች። ከፊቷ የዳቦ ቁራሽ፣ የሙዝ ልጣጭ እና ከምሳ የተረፈ ፓስታ ተደርጎላታል። ፎቶውን የላኩልን እናት እንደሚሉት ልጆቹ ኤሊዋን በጣም ይወዷታል፣ የሰጧትንም ሁሉ ትበላለች፤ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጀርባዋ ቅርፊት ከላዩ እንደ ትንንሽ ኮረብታ ወጣ ወጣ ማለት ጀምሯል። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ ምን እናብላት?

እኛም ለእሳቸው ብቻ መልሰን ዝም ከምንል ለሁላችሁም ብንጽፈው ይሻላል አልን። ምክንያቱም በከተማችን ኤሊ ያለበት ግቢ አንድና ሁለት አይደለም። ሹፌር ወይ ረዳት ከመንገድ ላይ አንስቶ ያመጣት አለች፣ ልጆች ከጫካ ዳር ያገኟት አለች፣ ቤቱ ሲገዛ አብራ የተገዛችም አትጠፋም። አብዛኛው ሰው ደግሞ እንደ ግቢ በግ ነው የሚያያት። የተረፈውን ይሰጣታል፣ ከበላች "ተስማምቷታል" ይላል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ውሻ ያልሆነ ነገር ቢበላ ማታውኑ ያስመልሳል፣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ኤሊ እንደዚያ አይደለችም። ዓመት ሙሉ የማይሆናትን እየበላች ደህና ትመስላለች። ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። ጉዳቱ በቅርፊቷ፣ በእግሯ ወይም በአፏ ላይ በግልጽ ሲታይ ብዙ ጊዜ አልፏል፤ የተጣመመ ቅርፊት ደግሞ ተመልሶ ቀጥ አይልም። ከዚያ በኋላ የሚያድገውን ማስተካከል ይቻላል እንጂ ያለፈውን ማቃናት አይቻልም። በአግባቡ ከተያዘች 50 ዓመትና ከዚያም በላይ መኖር የምትችል እንስሳ ነች። የዛሬ ልጆቻችሁ አያት እስኪሆኑ ልትቆይ ትችላለች ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን ያለቻችሁ የትኛዋ እንደሆነች እዩ። በአገራችን በብዛት የምትታየው የየብስ ኤሊ፣ በስምጥ ሸለቆውም ያለችው፣ ቅርፊቷ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ፣ ቢጫማ መልክ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ነች። ፈረንጆቹ በዚህ ነጠብጣቧ የተነሳ ሌፐርድ ቶርቶይስ ይሏታል፤ ነብርማዋ ኤሊ እንደ ማለት ነው። እግሯ የዝሆን እግር ተቀንሶ የተሠራ ይመስላል። ወንዝና ኩሬ ዳር የምትገኘው፣ ቅርፊቷ ጠፍጠፍ ያለው፣ በጣቶቿ መካከል ስስ ቆዳ ያላት የውሃ ኤሊ ግን ሌላ ናት። እሷ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ትል በሊታ ነች፤ የዛሬው ጽሑፋችን እሷን አይመለከትም።

ስለ ውሃ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ነገር እዚሁ እንበል። ኤሊ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚኖር እየመሰለው የየብስ ኤሊን "ወደ ቤቷ ትሂድ" ብሎ ሐይቅ ውስጥ የሚከታት ሰው አለ። ኧረ በፈጣሪ! ትሰምጣለች። ያ ከባድ ቅርፊትና ያ የዝሆን እግር ለዋና አልተፈጠረም።

አሁን ወደ ሆዷ እንግባ።

የየብስ ኤሊ ሆድ ከበግ ይልቅ የጋሪ ፈረስን ይመስላል። በግ የበላውን ሣር መጀመሪያ በትልቁ ሆዱ አቁሮ፣ መልሶ አመንዥኮ ነው የሚፈጨው። ፈረስ፣ አህያ እና ኤሊ ግን አያመነዥኩም። ሣሩን የሚያብላሉት ከኋላ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ በሚኖሩ በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ነው። እነዚህ ተሕዋስያን የሚኖሩት በቃጫ ነው፤ ፋይበር የሚባለው ማለታችን ነው። ቃጫው ቀስ እያለ ይብላላል፣ ኤሊዋ ከዚያ ጉልበት ታገኛለች። ሥራው ዘገምተኛ ነው። የበላችው ነገር ከአፏ ተነስቶ እስኪወጣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

እንግዲህ እዚህ የተረጋጋ ቤት ውስጥ ዳቦ አስገቡበት። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ እንጀራ፣ ቆጮ፣ ብስኩት... ሁሉም በስታርች የተሞሉ ናቸው። ስታርችና ስኳር ቶሎ ይፈላሉ፣ ጋዝ ይፈጥራሉ፣ የአንጀቱን ተሕዋስያን ሚዛን ያዛባሉ። ቃጫ የሚፈጩት ይቀንሳሉ፣ ሌሎቹ ይበዛሉ፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ የአንጀት ትሎችም ይመቻቸዋል። ጣፋጭ ፍራፍሬ ሲበዛም የሚሆነው ይኸው ነው። ኤሊዋ ግን ታውቃለች ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ሙዝና ዳቦ ካዩ ሣሩን ትተው የሚሮጡ ናቸው (በኤሊ ሩጫ)። ልጅ ከረሜላ ስለወደደ ከረሜላ ምሳ አይሆንም።

ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ የውሻ ምግብ እና የዶሮ መኖም እንደዚሁ አይሆኑም። እኛ ሐዋሳዎች ደግሞ እንስሳ ማብላት ልማዳችን ነው። አሞራ ገደል ሄዶ ለአባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ ያልወረወረ፣ ለጦጣ ሙዝ ያልሰጠ ማን አለ? ግን ለአባ ኮዳ የሆነ ለኤሊ አይሆንም። ዓሣ ለየብስ ኤሊ ምግብ አይደለም። የበዛ ፕሮቲን ኩላሊቷንና ጉበቷን ያስጨንቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ካልሲየም ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ኤሊ ቤቷን ተሸክማ ነው የምትዞረው ይባላል። ቅርፊቱ ግን ቤት ብቻ ሳይሆን አጥንት ነው፤ የጎድን አጥንቷና የጀርባ አጥንቷ ከሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ከሰውነቷ መጠን አንጻር የሚያስፈልጋት ካልሲየም ብዙ ነው፣ በተለይ ግልገል እያለች እና እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ። ምግቧ ውስጥ ካልሲየም ከፎስፈረስ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ፎስፈረሱ ከበለጠ ሰውነቷ ሚዛኑን ለመጠበቅ ካልሲየሙን ከራሷ አጥንት ላይ ያወጣል። ባንክ ያለውን ገንዘብ ሳያስገቡ ማውጣት ማለት ነው፤ አንድ ቀን ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ያኔ ቅርፊቱ በጣት ሲነካ ይለሰልሳል፣ እግሮቿ ሆዷን ከመሬት ማንሳት ያቅታቸዋል፣ መንጋጋዋ ይጣመማል።

በቁጥር እንየው። 100 ግራም ሙዝ ውስጥ ወደ 5 ሚሊ ግራም ካልሲየም እና 22 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ አለ። የተገላቢጦሽ ነው። ቲማቲም 10 ለ24 ነው፤ እሱም የተገላቢጦሽ። የበለስ ቅጠል ግን፣ ያ ጠፍጣፋውና እሾሃማው፣ በ100 ግራም ወደ 164 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 16 ሚሊ ግራም ብቻ ፎስፈረስ አለው። አሥር እጥፍ! ማንም የማይገዛው አጥር ላይ ያለ ተክል ከጁስ ቤቱ ፍራፍሬ ሁሉ በለጠ ማለት ነው። ለበግ ማደለቢያ የምንገዛው ፉርሽካ ደግሞ በፎስፈረስ የታጨቀ ስለሆነ ለኤሊ ከማይሰጡት ውስጥ መድቡት።

በዱር ያለችው ኤሊ ይህን ካልሲየም ከየት ታመጣዋለች? ከሣርና ከአረም በተጨማሪ ያረጀ አጥንት ስትግጥ ትታያለች። የጅብ ኩስም ትበላለች። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ጅብ አጥንት ስለሚቆረጣጥም ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ነው፤ ነጭ ያደረገው ካልሲየሙ ነው። የጅብ ኩስ ፈልጉ እያልን አይደለም፤ ከእንቁላል ቅርፊት ጋር ያው ነው። ቅርፊቱን አጥባችሁ፣ በደንብ ቀቅላችሁ ወይ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት አድቅቁትና በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቆንጠር አድርጋችሁ ቅጠሉ ላይ ነስንሱ። ለትንሽ ግልገልና እንቁላል ለምትጥል እናት ከዚያም ቢደጋገም ጥሩ ነው።

ካልሲየሙ ግን ብቻውን ዋጋ የለውም። ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል፤ ኤሊ ደግሞ ይህን ቫይታሚን በቆዳዋ የምትሠራው ከፀሐይ ጨረር ነው። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ አይቆጠርም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር የምትኖር ኤሊ የፈለገውን ያህል እንቁላል ቅርፊት ብትበላ አይጠቅማትም። ፀሐይ ሌላም ሥራ አለው። ኤሊ የራሷ ሙቀት የላትም፤ ሰውነቷ ካልሞቀ ምግቧ አይፈጭም። ለዚህ ነው ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመና ሲበዛ የምግብ ፍላጎቷ የሚቀንሰው። በብርድ ቀን በግድ አታብሏት። ጠዋት ፀሐይ እንድትሞቅ ተዉአት፣ ከሞቀች በኋላ ራሷ ትፈልገዋለች። በሐዋሳ አየር ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይም ጥላም ይኑር፣ ማታ ደግሞ ከዝናብና ከውሻ የምትጠለልበት ደረቅ ጥግ።

ወደተጠየቅነው ወደ ጀርባው ጉብታ እንመለስ። ብዙ ሰው "ፕሮቲን ስለበዛ ነው" ይላል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በሌላ አፍሪካዊ የየብስ ኤሊ ግልገሎች ላይ ተሠርቶ ነበር፤ ጉብታውን በዋናነት ያመጣው የአካባቢው አየር ድርቀት ሆኖ ተገኘ፣ ፕሮቲኑ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ግልገል ካለቻችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ወለል ላይ ብቻ አታሳድጓት። እርጥበት ያለው አፈር፣ ሣርና ጥላ ይኑራት። ካልሲየምና ፀሐይ ሲጎድል ደግሞ ሁሉም ይብሳል። ለላኪዋ እናት የምንለው ይህንኑ ነው፤ ያለው ጉብታ አይጠፋም፣ ቀጥሎ የሚያድገው ግን ለስላሳ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

እና ምን እናብላት?

ሣር። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። ከአሥር እጅ ስምንቱ ሣርና አረም መሆን አለበት። በየግቢያችን፣ በየቦዩ ዳር የሚበቅለው ሰርዶ ለነብርማዋ ኤሊ ከሁሉ የተሻለ ምግብ ነው። ጎርተብ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ ካልሲየሙም ቃጫውም አለው። የውሃ አንቁር ይሆናል። ማገጥም እንደዚሁ፣ ሳይበዛ። የሙዝ ቅጠል (ፍሬው ሳይሆን ቅጠሉ!)፣ የጽጌረዳ ቅጠልና አበባ፣ የሂቢስከስ አበባ ይሆናሉ፤ መድኃኒት ያልተረጨ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ሽፈራው ቅጠል ካልሲየም ስላለው አልፎ አልፎ ጥሩ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ድርቆሽ ቆረጥ ቆረጥ አድርጋችሁ ውሃ አርከፍክፋችሁ ስጧት። የጤፍ ጭድ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙም የለውም።

ለቡና የተጎዘጎዘውን ሣርስ? ብዙ ሰው ጠርጎ ለኤሊዋ ይሰጣል። የተረገጠ፣ አመድና ዕጣን የነካው፣ ስኳርና ፈንዲሻ የተቀላቀለበት ነው። ትኩሱን ለይታችሁ፣ ሳይጎዘጎዝ በፊት ብትሰጧት ምን ይላችኋል?

የተቀረው ሁለት እጅ ከጉሊት ይሞላል። መናኸሪያ አካባቢ አትክልት ከሚሸጡት እናቶች ፊት ስትቆሙ የምታዩትን እንለየው። የሀበሻ ጎመን ጥሩ ነው፤ ካልሲየም አለው፤ ግን ጎመን በየቀኑ ብቻውን ከሆነ የእንቅርት እጢን የሚረብሽ ነገር ስላለው ከሌላ ጋር አቀያይሩት። ጥቅል ጎመንም በዚያው ሕግ፣ ከሀበሻው ባነሰ መጠን። ቆስጣ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለው፤ ካልሲየሙን አስሮ ከአንጀት እንዳይገባ ያደርገዋል። በወር አንድ ሁለቴ ቢሆን አይጎዳም፣ የየቀን ምግብ ግን አይደለም። ሰላጣ ውሃ ነው። በሙቀት ቀን ቢሰጣት ጉዳት የለውም፣ ብቻውን ግን አያሳድጋትም፤ ሰላጣ ብቻ እየበላች ያደገች ኤሊ በሥርዓቱ የበላች ትመስላለች እንጂ የተራበች ናት። ካሮት ትንሽ፣ ዱባም ትንሽ። የካሮት ቅጠል ካገኛችሁ ከሥሩ ይልቅ እሱን ስጧት፤ ሻጮቹ ቆርጠው ነው የሚጥሉት፣ ብትጠይቋቸው በነጻ ይሰጧችኋል።

ፍራፍሬ ላይ ጨከን በሉ። አካባቢው ጁስ ቤት የሞላበት ስለሆነ የማንጎ፣ የፓፓያ፣ የሙዝ ልጣጭ በየቀኑ በነጻ ይገኛል፤ ፈተናው ያ ነው። ነብርማዋ ኤሊ በተፈጥሮዋ ሣር ጋጭ ናት፣ ስኳር አልለመደችም። በወር አንድ ቀን ቁራጭ ፓፓያ ወይም የበለስ ፍሬ ከበቂ በላይ ነው። አቮካዶ ግን አንድም ቀን አይሁን። ሲዳማ የአቮካዶ አገር መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ ጥንቸልና ወፍ ላይ ጉዳት ማድረሱ የታወቀ ነው፣ የእንስሳት ሐኪሞችም ለኤሊ አትስጡ ይላሉ። ቅጠሉም፣ ልጣጩም፣ ፍሬውም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጆናታን እንንገራችሁ። ሴንት ሄሌና በምትባለው የአትላንቲክ ደሴት የሚኖር ግዙፍ ኤሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ደሴቷ ሲመጣ ሙሉ ሰውነት የነበረው ስለሆነ በ1832 አካባቢ እንደተወለደ ይገመታል። ዓይኑ ጠፍቶ፣ ማሽተት አቅቶት፣ የአፉ ጫፍ ዱልዱም ሆኖ ሣሩን መቁረጥ ተስኖት ከስቶ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ በየሳምንቱ አትክልትና ፍራፍሬ በእጁ ያጎርሰው ጀመር፤ ኤሊው አገገመ፣ አፉም እንደገና ስለታም ሆነ። ምግብ ምን ያህል እንደሚለውጥ ማሳያ ነው። ግን "ለጆናታን ፍራፍሬ ከተሰጠ ለኛዋስ?" እንዳትሉን። እሱ ሌላ ዝርያ ነው፣ ዕውር ሽማግሌ ነው፣ የሚያጎርሰውም ሐኪም ነው።

አሁን የሚገድለውን እንንገራችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ለአጥር የምንተክላቸው አንዳንድ ተክሎች ለኤሊ መርዝ ናቸው። ቅንጭብ እና ቁልቋል ሲሰበሩ የሚያወጡት ነጭ ወተት ያቃጥላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በለስንም "ቁልቋል" የሚል ሰው ስላለ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ። መለያው ቀላል ነው፤ ቆርጣችሁ ነጭ ወተት ከወጣ አትስጡ። በለስ ሲቆረጥ የሚያወጣው አረንጓዴ ዝልግልግ ውሃ ነው፤ እሾሁን አቃጥላችሁ ወይም ፍቃችሁ ነው የምትሰጧት። የወፍ ቆሎ፣ ጉሎ እና አስተናግርም መርዛማ ናቸው። የድንችና የቲማቲም ቅጠልም እንደዚሁ። ፍሬው ጠፍቶ ቅጠሉን ልስጣት እንዳይባል።

ገራባስ? ፍየል ይበላዋል፣ ኤሊዋም ካገኘች አትተወውም። ጫት የሚያነቃቃው ነገር በውስጡ አለ፣ ጸረ-ተባይ መድኃኒትም የሚረጭበት ነው። ቅማ የምታድር ኤሊ ለቪዲዮ ታስቅ ይሆናል፤ ለእሷ ግን ቀልድ አይደለም።

ፌስታልም ምግብ ይመስላታል። ኤሊ ቀይና ቢጫ ቀለም ይስባታል፤ የከረሜላ ልባስ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ የጠርሙስ ክዳን ካየች ትነክሳለች። መናኸሪያ አካባቢ ነፋስ ይዞት የማይመጣ ቆሻሻ የለም። ጠዋት ጠዋት ግቢውን መጥረግ ከምግቡ እኩል ነው፤ አንጀቷን የዘጋ ላስቲክ ካለ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስምሩበት። ኤሊዋ ተቅማጥ ይዟት ወይም ትል አይታችሁ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ብትሄዱ ለበግና ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የሚባል መርፌ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ለበግ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። አካሏን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ይህ በእንስሳት ሕክምናው ዓለም ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው። አብዛኛው ባለሙያችን በቀን በቀን የሚያክመው ከብትና ዶሮ ስለሆነ ኤሊ ብዙ አያጋጥመውም፣ ስለዚህ ራሳችሁ "አይቨርሜክቲን አይደለም አይደል?" ብላችሁ ጠይቁ። ማሳፈር የለበትም።

ውሃስ? "ኤሊ ውሃ አትጠጣም" የሚባለው ስህተት ነው። ትጠጣለች፣ ያውም ጭንቅላቷን ነክራ። አገጯን የማያልፍ ጥልቀት ያለው ሰፊ ሳህን መሬት ውስጥ ቀበር አድርጋችሁ በየቀኑ ውሃውን ቀይሩ፤ ገብታ ትቀመጥበታለች፣ አንዳንዴም እዚያው ትጸዳዳለች፣ ስለዚህ መቀየሩ ግድ ነው። ትንሽ ግልገል ከሆነች በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለብ ባለ ውሃ ለሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጧት። ስትሸና ነጭ እንደ ለስላሳ ጄሶ ነገር ከወጣ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው። እንደ አሸዋ ከጠነከረ ግን ውሃ ጎድሏታል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ግቢው ሣር ካለው ቀኑን ሙሉ ትጋጥ፤ ሣር አያወፍራትም። ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ የቅርፊቷን ያህል የሚሆን ቅጠል ክምር በቀን አንዴ ጠዋት ይበቃታል። ምግቡን አሸዋ ላይ አትበትኑት፣ ከቅጠሉ ጋር አሸዋ ስለምትውጥ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጉት። ድንጋዩ የአፏን ጫፍም ይሞርድላታል።

ስለ ሕጉም ሳንናገር አንለፍ። ኤሊ የዱር እንስሳ ነች፤ በሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ ክልክል ነው። ኢትዮጵያም ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይተስ የተባለውን ስምምነት ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተቀብላለች፤ ነብርማዋ ኤሊ በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ይህን የምንጽፈው ከዓመታት በፊት ግቢ የገባችውን በሥርዓት እንድትመግቡ ነው፣ ከመንገድ ዳር ሌላ እንድታነሱ ወይም ከልጆች እንድትገዙ አይደለም። መንገድ ስታቋርጥ ካገኛችኋት፣ ትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ አሻግራችሁ ተዉአት።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁሌም ይህ ነው፦ ዳቦ ለምዳለች፣ ሣር ብንሰጣት አፍንጫዋን ታዞራለች፣ ምን ይሻላል?

ቀስ ብላችሁ። ሰርዶውን በመቀስ ጸጉር እስኪመስል ቆራርጡትና ከምትወደው ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከሰላጣ ወይ ከትንሽ ዱባ ጋር አሹት፤ ሽታው እንዲይዝ። ዳቦና ፓስታውን ግን ከመጀመሪያው ቀን አቁሙ። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሰላጣውን እየቀነሳችሁ ሣሩን ጨምሩ። ታኩርፋለች። ጤነኛ ትልቅ ኤሊ ጥቂት ቀን ሳትበላ ብትቆይ ምንም አትሆንም፣ ስለዚህ ልጆቹ አዝነው በስውር ዳቦ እንዳይወረውሩላት ተቆጣጠሩ፤ ኩርፊያዋን የሚያራዝመው እሱ ነው። ለልጆቹ ሌላ ሥራ ስጧቸው፤ ሣር ማጨዱን፣ ውሃ መቀየሩን፣ በወር አንዴ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ኪሎዋን ደብተር ላይ መጻፉን። ነክተዋት ሲጨርሱ ግን እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ኤሊ ጤነኛም ሆና ሳልሞኔላ ልታስተላልፍ ትችላለች።

በዚህ መሃል ዓይኗ ካበጠ፣ በአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ ቅርፊቷ ሲጫኑት ከለሰለሰ፣ ወይም ሞቃት ቀን ሆኖም ሳምንት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ነገሩ ከምግብ አልፏልና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። ስትሄዱ እስከዛሬ የበላችውን ሁሉ፣ ዳቦውንም ሳትደብቁ፣ ለሐኪሙ ንገሩት።